ለአይጥ የሚሳሳ ሰው

ዶክተር አስናቀ መሞቱን የሰማሁት ገደብ ከተማ፣ ከምሠራበት የጤና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆሜ ወደ ቀበሌ የሚወስደኝን ሞተር ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ዲላ ላቦራቶሪ አብራኝ የሠራች ልጅ ነበረች። "ዘኒ፣ ሰማሽ ወይ? ዶክተር አረፉ" አለችኝ። ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጨርሶት ኖሯል፤ አስከሬናቸውም ወደ ትውልድ አገራቸው ተሸኝቷል። እያለቀሰች ነው የምትነግረኝ። "ነፍስ ይማር" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ሞተሩ መጣ፤ ተሳፈርኩ፤ ሥራ ውዬ ተመለስኩ።

በዚያ ሳምንት ቴሌግራም ላይ የተጻፈለትን ሁሉ አነበብኩ። "አባታችን ነበሩ" ይላል አንዱ። "ትሑቱ ምሁር" ይላል ሌላው። ትሑት የሚለውን ቃል ደጋግሜ አየሁት፤ ምናልባት የማላውቀው ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል ብዬ። የሞተ ሰው አይታማም ይባላል። እኔ ግን ማማት አይደለም የፈለግሁት። አራት ዓመት አብሬው የሠራሁት ሰው እነሱ የጻፉለት ሰው አልነበረም፤ የነበረውን ሰው ደግሞ ልረሳው ብፈልግም አልቻልኩም። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር። ዛሬ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ በሕይወት ሳለ ብያለሁና ይበቃዋል።

የተዋወቅነው እኔ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ ዲላ ሥራ ስፈልግ ነው። እሱ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ስለ ዱር አይጦች የሚያጠና ሰው ነበር። አይጦች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ በዚያም ትውውቅ ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ ነበር የሚያጠናው። ጌዴኦኛ የሚችል ረዳት ፈለገና እኔን ቀጠረኝ። ቤተሰቦቼ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ካለችው ኢዲዶ ቀበሌ አጠገብ ስለሆኑ አገሩንም አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ኢዲዶ አንድ የቡና ማሳ ውስጥ የአይጥ ጉድጓድ እንድፈልግ ላከኝ። ስመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣

"ስንት አየሽ?" አለኝ።

"ብዙ ነው ዶክተር።"

"ብዙ ስንት ነው?"

አልቆጠርኩም ነበር። መኪናው መንገድ ጀምሯል፤ ዝናብም ይዟል። ሾፌሩን አስቁሞ አወረደኝና "ቆጥረሽ ነይ" ብሎኝ ወደ ይርጋጨፌ ሄደ። በጭቃው በእግሬ ተመለስኩ፤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ሲመሻሽ ሰው በሞተር አድርሶኝ ዶክተሩ ካረፈበት ቤት ደረስኩ። ውሃ ከፀጉሬ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አየኝና፣

"ደብተሩን ውሃ ነካው?" አለኝ።

አልነካውም ነበር፤ በሻርፕ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስሬው ነበር። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጦ አየ። ከዚያ ሄጄ መተኛት እንደምችል ነገረኝ።

ሰው ላይ እንዲህ የነበረው ሰው አይጥ ሲይዝ ብታዩት አታምኑም። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ወጥመዶቹን ስንከፍት ድምፁ ይለወጣል። "ነይ እስቲ፣ ነይ እመቤቴ" እያለ ነበር የሚያወጣቸው። የምንይዛት ብዙ ጡት ያላት፣ ማሳም ቤትም የምትኖር ግራጫ አይጥ ናት። ይመዝናታል፤ ጠብታ ደም ይወስዳል፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያስራል፤ ከዚያ ወደተያዘችበት ጉድጓድ አፍ ራሱ ወስዶ ይለቃታል። አንድ ቀን ሁለት ወጥመድ አምታትቼ አንዷን ከቦታዋ ራቅ አድርጌ ለቀቅኋት። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ግማሽ ቀን ሲፈልጋት ዋለ፤ አላገኛትም። "ጎረቤቶቿን አጥታለች። አሁን ከማያውቋት ጋር ትጣላለች፤ ትነከሳለች። ይኼን ያደረግሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ለሦስት ቀን አላናገረኝም።

ያስተማረኝን ግን ልክድ አልችልም። ከእሱ በፊት አይጥ ለእኔ አንድ ነገር ነበረች፤ የምትጠላ ነገር። በእሱ ወጥመዶች ሰፈር እንዳላቸው አየሁ። እናቶቹ በአንድ ጎጆ ይወልዳሉ፤ የአንዷን ልጅ ሌላዋ ታጠባለች። የቆዩት ወንዶች ወሰን ላይ ሲገናኙ ተሻትተው ይለያያሉ። ጠብ የሚነሳው እንግዳ ሲገባ ነው። "በሽታ እግር የለውም" ይል ነበር። "የሚሄደው በሚነካኩት ነው። የተበጣጠሰ ጆሮ ያለውን ወንድ አምጪልኝ፤ ከሁሉ ጋር የተጣላው እሱ ነው፤ ከሁሉ የያዘውም እሱ ነው።" ሌላም የሚወደው አባባል ነበረው፤ "ሰው ይዋሻል፤ አይጥ ግን የተነከሰችበትን ጠባሳ ይዛ ትመጣለች።" ይኼን ሲል ዓይኑን እኔ ላይ ነው የሚያሳርፈው።

ነገሩ የተበላሸው በአቶ ወራሳ ቤት ነው። አቶ ወራሳ ኢዲዶ ውስጥ ቡናና እንሰት ያለው፣ ዝምተኛ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ እያንጎራጎረ የሚሠራ ገበሬ ነበር። ሚስቱ አስቴር ትባላለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ዳዴ የምትል ሴት ናት። የሚተኙበት ክፍልና ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና የሚያስቀምጡበት ጓዳ በቀርከሃ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። አይጦቹ ከእንሰቱ ሥር ተነስተው በጓሮ በኩል ወደ ጓዳው ይገቡ ነበር።

ዶክተር አስናቀ ማን ማንን እንደሚነካ ለማወቅ የሚጠቀምበት ዘዴ ነበረው። አንዷን አይጥ በሮዝ ዱቄት ቀብቶ ይለቃታል። ዱቄቱ ጉዳት የለውም፤ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። በሐምራዊ መብራት ስታበሩበት ግን እንደ ፍም ያበራል። በማግሥቱ ሌሎቹን ስትይዙ ዱቄቱ የተገኘባት አይጥ ከተቀባችው ጋር ተነካክታለች ማለት ነው። በዚያ ሰሞን የቀባነው ቁጥር ሰባ አንድ የሚባለውን፣ አንድ ጆሮው እስከ ሥሩ የተበላ ትልቅ ወንድ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መብራቱን ይዤ ወደ አስቴር ቤት ገባሁ። በሩን ዘግተን ጨለማ አደረግንና ጓዳውን አበራሁ። ዱቄቱ ጆንያው ላይ አለ፤ ግድግዳው ላይ አለ። ተከትዬው በቀርከሃው ቀዳዳ ወደ መኝታቸው ዞርኩ። መደቡ ጠርዝ ላይ አለ። ብርድ ልብሱ ላይ አለ። "ይሄማ የልጄ ብርድ ልብስ ነው" አለች አስቴር። ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ መብራቱ እጇን ዘረጋች። መዳፏ በራ። ጣቶቿ፣ ከአፏ ጥግም ትንሽ ነጥብ፣ ሁሉም ሮዝ ሆነው በሩ።

አስቴር ሳቀች። "እንዴት ታምራለች" አለች።

እኔ ወጣሁ። ዶክተር አስናቀ ደጅ፣ የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበር። ያየሁትን ነገርኩት።

"ጻፊው" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"ሰባ አንድ፣ እስከ መኝታ ድረስ።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷ አይጥ አይደለችም" አለ። "በጥናቱ ውስጥ የለችም።"

ይኼን ሲል አልተቆጣም፤ ድምፁም አልከረረም። የጠላሁት በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት እፈራው ነበር እንጂ አልጠላውም ነበር።

የአይጦቹን ደም ወደ አዲስ አበባ ልከን ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ቁጥር ሰባ አንድ ቫይረሱ አለበት። ከእሱ ጋር የተነካኩት ጥቂቶችም አለባቸው። ዲላ ቢሮው ገብቼ ለእነ ወራሳ እንንገራቸው አልኩት።

"ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው? ይኼ ቫይረስ ሰው ይታመምበት አይታመምበት አላውቅም። አንቺም አታውቂም።"

"እስኪታወቅ ልጅቷ አብራቸው ትተኛ?"

"እስካሁንም ስትተኛ ነበር።" መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ብትነግሪያቸው መርዝ ያስቀምጣሉ። መርዝ ካስቀመጡ ሰፈሩ ይፈርሳል። የምታውቂያቸው ይሞታሉ፤ የማታውቂያቸው ይገባሉ። ውጤቱ ይደገም ብያለሁ፤ እስኪደገም አንድ ቃል እንዳትናገሪ።"

እኔ የሰማሁት ለሥራው ሲሰስት ነው። ሌላ ነገርም ብሎ ነበር፤ ግን ጥላቻ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይርጋጨፌ ላይ አስቴርን አገኘኋት። ቆጮ ልትሸጥ ወጥታ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳት፤ ያ የሚያምረው ብርሃን ምን እንደነበረ፣ አይጡ ምን እንደያዘ። ፊቷ ተለወጠ። "አንቺ የአገራችን ልጅ ነሽ፤ ስታውቂው ለምን ቆየሽ?" አለችኝ። ከዚያው ገበያ መርዝ ገዝታ ሄደች። እሷ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፤ በሳምንቱ ኢዲዶ ውስጥ መርዝ ያላስቀመጠ ቤት አልነበረም። አይጦቹ በጓዳና በእንሰት ሥር ወዳደቁ። የሁለት ቤት ዶሮዎችና አንድ ድመትም አብረው ሞቱ። ቢሆንም ሰዉ ያገኘኝ ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር። እናቴ እንኳ "ልጄ ሰው አዳነች" እያለች ታወራ ጀመር። አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ዶክተር አስናቀ ሲሰማ አልጮኸም። እንዲያውም ሥራው እንዲቀጥል አዘዘ። ጥቂት ሳምንት ቆይተን እዚያው ቦታ ወጥመድ ዘረጋን። ጠዋት ስንከፍት ሳጥኖቹ ሙሉ ናቸው። እንደ ወትሮው "ነይ እመቤቴ" አላላቸውም። አንዷን በጓንቱ ይዞ ፊቴ ድረስ አመጣት። ጆሮዋ ላይ ቁጥር የለም። ጀርባዋ በአዲስ ንክሻ ተቀዷል። ሌላ አወጣ፤ ቁጥር የለውም፤ ጅራቱ ተቆርጧል። ሌላ አወጣ።

"እነዚህን አታውቂያቸውም" አለኝ። "እነሱም እርስ በርስ አይተዋወቁም። ባዶ ቤት አግኝተው ከየማሳው መጥተዋል፤ ገና እየተናከሱ ነው። አሁን ቫይረሱ እንዴት እንደሚዞር ልንገርሽ ወይስ ታይዋለሽ?"

ከብዙ ጊዜ በኋላ የነዚያ ደም ውጤት ሲመጣ ልክ እሱ እንዳለው ነበር፤ ቫይረሱ ያለባቸው ከመርዙ በፊት ከነበሩት በዝተዋል። እስከዚያ ግን ውጤት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ አቶ ወራሳ ታሟል።

ከመርዙ በኋላ ወራሳ ጓዳውን ባዶ አድርጎ የሞቱትን በእጁ ለቅሞ፣ ጎጆዎቻቸውን ፈልፍሎ፣ ደረቁን አቧራ በመጥረጊያ ሲያወጣ ውሎ ነበር። ከዚያ ቀናት ቆይቶ ትኩሳት ያዘው። ድዱ ደማ። ዲላ ሆስፒታል አስገቡት። ወባ አይደለም ተባለ፤ ታይፎይድም አይደለም ተባለ። ቫይረሱ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እስከ ዛሬ ያረጋገጠልን ሰው የለም። እኔ ግን ሳልጠይቅ በራሴ ላይ ፈርጄ ነበር። ደረቅ የአይጥ ኩስ እንደማይጠረግ፣ መጀመሪያ በበረኪና እንደሚርስ ላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ ስሠራው የማውቀው ነገር ነው። ለአስቴር ስለ በሽታው ነገርኳት እንጂ ይኼን አልነገርኳትም። ቁጣዬን ነበር ይዤላት የሄድኩት።

ዶክተር አስናቀም ሆስፒታል መጥቶ ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ ሐኪሙን ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጠየቀ፤ ጻፈ፤ ሄደ። አስቴር ታየው ነበር። "ባሌን እንዴት ነህ አላለም" አለችኝ። "ቀን ብቻ ጠየቀ።"

ከዚያ በወራሳ ሕመም ምክንያት ሁለታችንም ሶንጎ ተጠራን። ሶንጎ በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሸንጎ ነው፤ ሽማግሌውን ሀይቻ እንለዋለን። ዶክተር አስናቀ አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ግን ጌዴኦኛ አይችልም። አስተርጓሚው ደግሞ እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው ይተርጉም ቢባል ሽማግሌዎቹ "ያመጣችው እሷ ናት፤ እሷ ታስረዳ" አሉ። ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው በተቀመጡ ሰዎች መሀል ቆሜ የራሴን ክስ በራሴ አፍ ተረጎምኩ።

"ይህች ልጅ ያልተፈቀደላትን ተናግራለች" አለ ቀጥ ብሎ። "የተናገረችውም ግማሹን ነው። ግማሽ እውቀት ከመርዙ ይብሳል።"

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። አስቴር መሬት መሬት ታያለች።

ሀይቻ ጅግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ጠየቁ። "ሌላው ግማሽ የት ነበር በይው።"

አልኩት።

"እኔ ጋ" አለ።

"ለምን ያዝከው?"

"እርግጠኛ እስክሆን።"

"እርግጠኛ እስክትሆን እነዚህ ሰዎች ምን ይሆኑ ነበር?"

ይኼን ስተረጉምለት መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። "አላውቅም" አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ፍርዱ አጭር ነበር። ያወቀው ዝም ብሏል፤ የተናገረችው ግማሽ ተናግራለች፤ ሁለቱ የወራሳን ቤት ያጽዱ፤ ወራሳ ሲመለስ ንጹሕ ቤት ይግባ። እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። "መቼ?" ብቻ አለ።

በበነጋው በረኪና፣ ጓንት፣ ማስክና የፀረ ተባይ መርጫ ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሁለታችን በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሠራን። ከትእዛዝ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። "ደረቅ አትንኪ።" "አርሺውና ጠብቂ።" "ይኼ አልራሰም፤ ድገሚ።" እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ የመደቡን ሥር ሲፈገፍግ ወገቡ እንደማይታዘዘው አያለሁ፤ አላገዝኩትም። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት "የአይጥ አባት" ብላ በጌዴኦኛ ሰደበችው፤ ሌሎቹ ሳቁ። ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። በዚያች ብቻ ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ጆንያዎቹን ስናነሳ ከግድግዳው ሥር ጎጆ አገኘን። ፀጉር ያላወጡ ሮዝ ግልገሎች፣ ሁለት እናቶች ላያቸው ላይ ተኝተዋል። እናቶቹ አልሸሹም። አስቴር በሩ ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። እኔ ወደ ኋላ አልኩ። ዶክተር አስናቀ ጎጆውን ብዙ አየው። እናቶቹ ጆሮ ላይ ቁጥር የለም፤ አዲስ መጤዎች ናቸው፤ ግን አብረው ማጥባት ጀምረዋል። ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ አራት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁና። ሰፈር እየሠሩ ነበር። ከዚያ ጎጆውን በሁለት እጁ እንዳለ አንስቶ በበረኪናው ባልዲ ውስጥ ከተተው፤ ክዳኑንም ይዞ ቆመ። ሲያበቃ ወደ አስቴር አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ።

"አሁን ረካሽ?" አለኝ።

አልረካሁም። ይህንንም አልነገርኩትም።

በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤዬ ደረሰኝ፤ የጥናቱን ምስጢር በማውጣት ይላል። ፊርማው የእሱ ነው። እኔም አልለመንኩትም። ወራሳ ከሆስፒታል ወጣ፤ ዳነ። ነገር ግን በግራ ጆሮው አይሰማም። ዝማሬ ሲያንጎራጉር ዜማው ይጠፋበታል አለችኝ አስቴር። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ አሁን ትሮጣለች።

ከዚያ ገደብ የጤና ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ዶክተር አስናቀን ከዓመት በላይ ሳላየው ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከአውቶብስ ወርዶ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ከስቷል፤ ኮቱ ከትከሻው ላይ ይወርዳል፤ ደረጃውን ሲወጣ አንዴ አርፏል። ወንበር አልሰጠሁትም፤ ራሱ ስቦ ተቀመጠ።

"ያላንቺ ኢዲዶ አያስገቡኝም" አለኝ።

"እውነታቸውን ነው።"

"የአይጦቹ ሰፈር እንደገና ሲሠራ ምን እንደሚሆን መታየት አለበት። አሁን ካልታየ ይቀራል።"

ይቅርታ የሚል ነገር ጠበቅሁ። ወራሳ እንዴት ነው ቢል እንኳ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አላለም። "መጀመሪያ እርስዎ፣ ሰዎቹ በቤታቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጻፉልኝ" አልኩት። "እኔ እተረጉመዋለሁ፤ በየቤቱ ይታደላል፤ ከዚያ ይግቡ።"

"አልታተመም። ያልታተመ ነገር አልሰጥም።"

"እንግዲያው በሩ ያውና።"

ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሹን ነበር የሚሰበስበው። ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ከዲላ የመጣ የአውቶብስ ረዳት ፖስታ አስረከበኝ። በእጅ የተጻፈ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ አንድ ገጽ ነበር። ጀንፈል ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ከመሬት ከፍ ይበል። ደረቅ አይጠረግ፤ በረኪና በምን ያህል ውሃ፣ ስንት ደቂቃ ይቆይ። የቀርከሃ ግድግዳ ቀዳዳ በምን ይደፈን። መርዝ ለምን ነገር ያባብሳል። ቀዳዳ ሳይደፈን አይጥ አይገደል፤ ባዶ ቤት እንግዳ ይጠራልና። አንድ የሚባክን ቃል የለበትም። የላቦራቶሪ ሰው ሳይሆን የኢዲዶ ሰው እንዲገባው ሆኖ የተጻፈ ነው፤ እንደዚያ መጻፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከግርጌ ስሙና ፊርማው አለ። ለእኔ የተጻፈ መልእክት የለውም።

ተረጎምኩት። ላባዛው ስል ግን ግርጌውን አጥፌ ስሙ እንዳይወጣ አደረግሁት። ስሙን ካዩ ይቀዳድዱታል ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እውነት ነው፤ ሊቀዳድዱት ይችሉ ነበር። የደበቅሁት ግን ለዚያ አይደለም። አስቴር ቤት ሄጄ ሳነብላት "በደንብ ጻፍሽው" አለችኝ፤ አላረምኳትም። በሶንጎም በቤተ ክርስቲያንም ተነበበ። ሰዉ ግድግዳውን ደፈነ፤ ቡናውን አወጣ። እሱ ኢዲዶ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቃሌን ጠብቄ ይዤው እገባ ነበር መሰለኝ፤ ወይም አልገባም ነበር። አልመጣም። ታሞ እንደነበር ያወቅሁት ሲሞት ነው።

መርዶውን በሰማሁ በሁለተኛው እሑድ ኢዲዶ ሄድኩ። ሀይቻ ጅግሶ ከአምልኮ በኋላ ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ወራሳና አስቴርም አሉ። ቆሜ ተናገርኩ። ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ተርጉሜው ነው፤ የጻፈው ዶክተር አስናቀ ነው፤ አሁን ሞቷል።

ወራሳ ያልሰማ መስሎኝ በደህናው ጆሮው በኩል ዞሬ ልደግምለት ስል እጁን አነሳ፤ ሰምቷል።

"በሕይወት ሳለ ለምን አልነገርሽንም?" አሉኝ ሀይቻ ጅግሶ።

"ስለምጠላው።"

"አሁንስ?"

ሽማግሌ ፊት አይዋሽም። "አሁንም" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡኝም፤ አላጽናኑኝምም። "ጥላቻሽ የራስሽ ነው፤ ይዘሽው ተቀመጪ" አሉኝ። "ወረቀቱ ግን በስሙ ይነበብ።"

አስቴር ወደ ቤቷ ገባችና ከግድግዳው ላይ የራሷን ቅጂ አንስታ እስክሪብቶ ጨምራ አመጣችልኝ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስሙን ከነማዕረጉ ከግርጌው ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ፣ ወራሳ ከፊት እየመራኝ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን።